የሚያጉረመርመው ዳዊት

ላሊበላ ውስጥ ሱቅ ለከፈተ ሰው ዳዊት ብርቅ አይደለም። ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የሚገባ ካህን ዳዊቱን በቆዳ ማኅደር አድርጎ፣ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። ስልኩ እስኪሞላ አውጥቶ ይደግማል፤ ሲጨርስ መልሶ ማኅደሩ ውስጥ ይከትና ጠፍሩን አጥብቆ ይሄዳል። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ኮምፒውተር ስጠግን የዳዊት ድምፅ ከኋላዬ ሲንቆረቆር ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ መሪጌታ ገብተው ማኅደራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖሩ ምንም አልመሰለኝም። "ስልክዎን ይስጡኝ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"ስልክ አይደለም" አሉኝ። ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በሩን መለስ ታደርጊልኛለሽ፣ እኅቴ?"

ጭርሱን ብዘጋው ወሬው ቅዳሜ ገበያ እንደሚደርስ ስለማውቅ ገርበብ ብቻ አደረግኩት። መሪጌታው ሃምሳን የሚጠጉ፣ ቁመተ ረጅም፣ ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። በሱቄ በር ሲያልፉ ሰላምታ ከመለዋወጥ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። ጠፍሩን ፈቱና እጃቸውን ከማኅደሩ ሰደዱ። ዳዊት ይወጣል ብዬ ስጠብቅ አንዲት ጥቁር ሚኒ ላፕቶፕ ወጣች።

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

"ሳቂ፣ ሳቂ" አሉኝ። "እኔም ያለፈው ሐሙስ እስክትሞትብኝ ድረስ እየሳቅኩ ነበር ይዣት የምዞር።"

ማኅደሩን አገላብጬ አየሁት። በልኳ የተሰፋ ነው፤ ክዳኑም፣ ማንገቻውም፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጌጥም ያልጎደለበት የዳዊት ማኅደር። የሰፋው ሰው ስቆባቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ለካ ላፕቶፗን አላሳዩትም። ርዝመቷንና ወርዷን በሲባጎ ለክተው ሲባጎውን ብቻ ሰጡት። ትልቅ ዳዊት መስሎት "መጽሐፍ የሚወድ ይባረክ" ብሎ መርቆ ሰፋላቸው። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ የልጅ ተንኮል የመሰለ ነገር አየሁ፤ ወደድኳቸው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። የተዘጋ ነገር ሳይ ያቁነጠንጠኛል። ያደግኩት ፍላቂት ነው፤ ከወልድያ ወደ ጎንደር የሚያልፈው ሚኒባስ ዳገቱ አድክሞት ከከተማው ሲቆም፣ ሾፌሩ ኮፈኑን ያነሳና ይሳደባል፣ ተሳፋሪው ገብስ ቆሎ ገዝቶ ይበተናል፤ እኔ ግን ሞተሩ ተነስቶ መኪናው ካልሄደ ከዚያ ንቅንቅ አልልም ነበር። እናቴ "አንድ ቀን እዚያው ውስጥ ወድቀሽ ጎንደር ትገቢያለሽ" ትለኛለች። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የቤታችንን ጓጉንቸር ምኑ እንደሚይዘው ለማየት ፈታሁት። መልሶ መግጠም አቃተኝና ቤተሰቡ ሁለት ሳምንት በሩን በጠፍር እያሰረ ገበያ ወጣ። ያ አመል ነው ዞሮ ዞሮ እንጀራዬ የሆነው። አሁንም ቢሆን ካቻቢቴ ሳነሳ ልቤ እንደዚያ ጊዜ ትመታለች።

እና ያቺ ከማኅደር የወጣች ላፕቶፕ አቁነጠነጠችኝ። ገና ሳትከፈት አንድ ነገር አይቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ ልክ አልገጠመችም። በአንድ ጣቴ ጫፏን ስነካት ትወዛወዛለች። ከፍቼ ኪቦርዷን አየሁ፤ መሀሉ ጉብ ብሏል፣ ጣት የሚሄድበት ሰሌዳዋም ከቦታው ተነስቷል።

"ሆዷ ተነፍቷል" አልኳቸው።

"አዎን፤ እኔም አይቼዋለሁ። ከቆላ ወደ ደጋ ስትወጣ ነፋስ ገብቶባት ነው ብዬ ነበር።"

"ነፋስ አይደለም፣ ባትሪው ነው። ሙቀት ሲበዛበት ውስጡ ይፈላና ያብጣል። ሲያብጥ ደግሞ አያያዝ ይፈልጋል፤ ከተወጋ ወይም ከተጫኑት እሳት ሊያነሳ ይችላል።"

እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ቶሎ አነሱ። "በጎኔ ይዣት ነው እኮ ቅዳሴ የቆምኩት!"

ለምን እንደሞቀች ማወቅ ፈለግኩ። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ዕቃውን አልመረምርም፣ ባለቤቱን ነው የምጠይቀው። ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ከሰው አኗኗር ይመጣል። የሆቴል ሰው ላፕቶፕ ኪቦርዱ ውስጥ ስኳር አለበት፤ የአስጎብኚው በአቧራ ይታፈናል፤ ከሙጃ ከተማ የሚመጣ የግብርና ባለሙያ ላፕቶፕ ደግሞ በሞተር ሳይክል ንዝረት ቪቴዎቹ አንድ በአንድ ረግፈው ነው የሚደርሰኝ። የመሪጌታው ላፕቶፕ ግን ምን እንደነካት መገመት አቃተኝ።

"ሠርተው ሲጨርሱ እንዴት ነው የሚያስቀምጧት? እስቲ ያሳዩኝ።"

አሳዩኝ። ክዳኗን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ከደኑ። ከዚያ ወደ አፋቸው አስጠግተው ሊስሟት ሲሉ ድንገት አስታወሱና መሀል ላይ አቆሙ። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

"ልማድ ሆኖብኝ ነው" አሉ።

"ግድ የለም፣ ይሳሟት። ከዚያስ?"

"ከዚያማ ማኅደሯ ውስጥ አስገብቼ፣ ጠፍሩን አጥብቄ፣ ቤት ስገባ እሰቅላታለኋ።"

"አያጠፏትም?"

"ዘጋኋት እኮ!"

ነገሩ ወለል አለልኝ። መሪጌታው ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ሲዘጉ የኖሩ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ደግሞ ከተዘጋ ተዘጋ ነው፤ ውስጡ እየሠራ የሚያድር ነገር የለም። ስትከፈት ቶሎ እንድትነሳላቸው ደግሞ አንድ ያውቃል የተባለ ሰው፣ ክዳኗ ቢዘጋም እንዳትተኛ አድርጎ አስተካክሎላቸው ነበር። ስለዚህ ምስኪኗ ሌትም ቀንም እየሠራች፣ በወፍራም የበሬ ቆዳ ታፍና ነው የኖረችው። የት እንደሚሰቅሏት ስጠይቅ የባሰ መጣ። ከምድጃው በላይ ካለው ኩላብ ነው፤ አባቶቻቸው ዳዊትን የሚሰቅሉበት ቦታ፣ ጭሱ ብልና አይጥ የሚያባርርበት።

የጀርባዋን ቪቴዎች ፈትቼ ከፈትኳት። ባየሁት ነገር መደነቄን ዛሬም አልረሳም። አየር የምትስብበት ፋን በጥላሸት ተለብጦ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። በመካከሉ የቆዳው ብናኝ ከጥላሸቱ ጋር ተጣብቆ እንደ ስሚንቶ ደርቋል። ብዙ ላፕቶፕ ከፍቻለሁ፤ የላስታን ጎጆ ጣሪያ ሽታ ውስጡ ያገኘሁት ግን በእሷ ብቻ ነው። አሸተትኳት፤ የአያቴን ቤት ሸተተችኝ።

"ስትሠራ ድምፅ ነበራት?" አልኳቸው።

"ታጉረመርማለች። መጀመሪያ ለስለስ ያለ ነበር፤ ኋላ ኋላ ባሰባት። የኔታ እንዳይሰሙብኝ እኔ አስል ነበር።"

የኔታ ማን እንደሆኑ ያን ጊዜ አልጠየቅኩም። አእምሮዬ ሥራው ላይ ነበር። ያበጠውን ባትሪ ገመዱን ነቅዬ፣ በስስ ፕላስቲክ ከተጣበቀበት ቀስ ብዬ አላቅቄ፣ አሸዋ ያለበት ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ አጽናናኋቸው። "አይጨነቁ። ባትነሳ እንኳ ዲስኳን አውጥተን ሌላ ላይ ገጥመን ያለዎትን ጽሑፍ እንገለብጣለን" ብዬ ዲስኩን ፍለጋ ጎንበስ አልኩ።

ዲስክ የለም።

መጀመሪያ ያላየሁት መስሎኝ መብራቱን አቀረብኩ። ያቺ ሚኒ እጅግ ቀጭንና ቀላል እንድትሆን ተብላ የተሠራች ናት። እንዲህ ያሉት ላይ ጽሑፍ የሚቀመጥበት ነገር እንደ ሌላው ላፕቶፕ ተነቅሎ የሚወጣ አይደለም። የጥፍር ያህል ቺፕ ነው፤ እዚያው ቦርዱ ላይ ተበይዷል። እሷ ካልተነሳች ውስጧ ያለውን የሚያወጣ መሣሪያ ላሊበላ ውስጥ የለም፤ እኔም እጁ የለኝም። አፌን ቶሎ በመክፈቴ ራሴን ረገምኩ። እውነቱን ነገርኳቸው።

መሪጌታው ደንበኛ በሚቀመጥባት ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። በኋላ ሁሉንም ነገሩኝ።

የኔታ ያሏቸው ቅኔ ያስተማሯቸውን ሰው ነው። በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ከከተማው ዳር ባለች ጎጆ ነው የሚኖሩት። ጉባኤያቸው ከተበተነ ቆይቷል። መሪጌታው ግን ከሰዓት ከሰዓት እየሄዱ ይጠይቋቸዋል፣ እህል ውኃ ያደርሳሉ። የኔታም በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይዘርፉላቸዋል። የዘረፉትን ተመልሰው አይናገሩትም፤ አይጽፉትም፤ ማስጻፍም አይወዱም። የትናንቱን የሚደግም የዛሬውን አይወልድም ባይ ናቸው። መሪጌታው ተማሪ ሳሉ አንዱን በወረቀት ጽፈው ሲገኙ፣ የኔታ በገዛ እጃቸው እሳት ውስጥ እንዲጨምሩት አደረጓቸው።

"ያ ወረቀት ሲነድ እስከ ዛሬ ይታየኛል" አሉኝ። "ሦስት ዓመት ነው እንግዲህ፤ እሳቸው አያዩም፣ እኔ ትይዩአቸው ተቀምጬ በጋቢ ሸፍኜ እጽፋለሁ። ያንን ሁሉ ቅኔ ከእሷ በቀር የያዘው የለም። ሄጄ ይድገሙልኝ አልላቸው ነገር፣ መጻፌን አያውቁም። ቢያውቁም አያስታውሱትም። ደግሞ እየደከሙብኝ ነው። ድሮ ሲነግሩን እንደ ክረምት ውኃ ነበር፣ እንኳን ለመጻፍ ለመስማትም አይያዝ። አሁን ቃል ከቃል እያረፉ ነው። አንድ ቤት ይነግሩኛል፣ ዝም ይላሉ፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ሌላውን ይነግሩኛል። ጊዜ የለኝም፣ እኅቴ።"

ያን ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ፈራሁ፤ መፍራቴንም አልደበቅኳቸውም። ፋኑን ፈትቼ ጥላሸቱን በብሩሽና በአልኮል አንድ በአንድ አነሳሁ። የፋኑን መሐል በመርፌ ጫፍ የዘይት ጠብታ ነካሁት። ከዋናው ቺፕ ላይ የደረቀውን የሙቀት ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። መሪጌታው አጠገቤ ቆመው እያንዳንዱን ይጠይቁኛል። ይሄ ምንድን ነው? ቅባቱ ለምን? የነሐሱ ቱቦ ውስጥ ውኃ አለ? ሰው ሲጨነቅ ጥያቄ ይቀንሳል ብዬ አስብ ነበር፤ እሳቸው ግን በጭንቀታቸው መሀል ለማወቅ ይጓጓሉ። እኔን መሰሉኝ።

ባትሪ ሳይኖራት ቻርጀሩን ሰካሁ። ማስነሻውን ተጫንኩ። ምንም የለም።

እንደገና ተጫንኩ። ምንም።

አንዳንዶቹ ባትሪ ካልተገጠመላቸው ጭርሱን አይነሱም። ከእነዚያ አንዷ ከሆነች አለቀልን ማለት ነው፤ እንዲህ ላለችው አሮጌ ሚኒ ባትሪ አዲስ አበባም እንደማይገኝ አውቃለሁ። ቻርጀሩን ነቀልኩ። በውስጧ የቀረ ኃይል ካለ እንዲወጣ ማስነሻውን በጣቴ ይዤ ሠላሳ እስክቆጥር ቆየሁ። መሪጌታው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አብረውኝ የሚቆጥሩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ዳዊት ሲደግሙ ነው። ለቅቄ ቻርጀሩን መልሼ ሰካሁና ተጫንኩ።

ትንሿ ሰማያዊ መብራት በራች። ፋኑ ተነሳ። ስክሪኑ ቀስ ብሎ ነጋ።

መሪጌታው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ደግሞ ጮኼ ኖሯል፤ ገርበብ ባለው በር አንድ መንገደኛ አንገቱን አስግጎ "ምን ሆናችሁ?" አለን።

"ዳዊቴን አገኘሁት" አሉት መሪጌታው። ሰውየው ደስ ብሎት ሄደ።

ወዲያው ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩላቸው፤ አንዱ ከእሳቸው ጋር፣ ሌላው ሌላ ቤት እንዲቀመጥ አስጠነቀቅኳቸው። ጽሑፉ ደህና መሆኑን ለማየት መክፈት ነበረብኝ። ነበረብኝ ልበል እንጂ፣ ባይኖርብኝም እከፍተው ነበር። ግዕዙን አንብቤ አልተረዳሁትም። ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ወንፊት ናቸው፤ በየመሥመሩ ነጠብጣብ፣ ከነጠብጣቡ ሥር በአማርኛ "እዚህ ላይ አመለጠኝ"፣ "ሁለት ቃል አልሰማሁም"፣ "ፈጠኑብኝ" የሚል። ወደ ኋለኞቹ ስሄድ ነጠብጣቡ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድም ያመለጠ ቃል የለም።

"ጎበዝ ጸሐፊ ሆነዋል" አልኳቸው።

"ጣቴ ሠለጠነ" አሉ ኮራ ብለው።

እኔም የምኮራበት ነገር ነበረኝ። "እስቲ ያዳምጧት" አልኳቸው። ጆሯቸውን አስጠጉ። ፋኑ ይሽከረከራል፣ ድምፅ ግን የለውም። በጥላሸት የከበደው ክንፍ ነበር የሚያስጮኸው። ፋን አጽድቼ ዝም ማሰኘት የምወደው ሥራዬ ነው፤ የዚያን ቀኑ ደግሞ ከሁሉም በልጧል። ከእንግዲህ ማሳል እንደማያስፈልጋቸው ነገርኳቸውና ሁለታችንም ሳቅን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ማኅደሩን አንስተው ሊያስገቧት ሲሉ ቻርጀሩን መንቀል ነበረባቸው። ነቀሉት። ስክሪኑ ድርግም አለ።

"ባትሪ የላትም እኮ፣ መሪጌታ" አልኳቸው። "ከእንግዲህ ከሶኬት ከተነቀለች ትጠፋለች። ስትነሳም ጊዜ ትወስዳለች።"

ገባቸው። ከጋቢ ሥር መጻፍ ቀረ። የኔታ ጎጆ ሄደው ሽቦ መዘርጋት፣ መሰካት፣ እስክትነሳ መጠበቅ አለ፤ ዓይነ ስውር እንኳ ቢሆን ይህን ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም። እኔ አዳንኳት ስል ምስጢራቸውን ገድዬባቸው ነበር። አዲስ ለመግዛት አቅሙ እንደሌላቸው ሳይነግሩኝ አወቅኩ። በእኔ ሱቅም የማውሳቸው የምትያዝ ላፕቶፕ አልነበረችም።

"እንግዲህ እነግራቸዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "አጥፋው ካሉኝ..." ብለው አልጨረሱትም።

በማግስቱ ከሰዓት አብሬያቸው ሄድኩ። ምክንያቴ የጎጆዋን ሶኬት ማየትና ኤክስቴንሽን መዘርጋት ነው። እውነተኛው ምክንያቴ ግን የኔታን ሳላይ ማደር አለመቻሌ ነበር። መንገድ ላይ መሪጌታው አልተጫወቱም። ማኅደሯ በጎናቸው ትወዛወዛለች፤ የሚያልፍ ሁሉ ሰላም ይላቸዋል፣ አንዲት አሮጊት ደግሞ ማኅደሯን ተሳልመው አለፉ። መሪጌታው አንገታቸውን ደፉ።

የኔታ ከመደባቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከትንሽነታቸው የተነሳ ልብስ ብቻ የተቀመጠ ይመስላል። መሪጌታው ጉልበታቸውን ሳሙ። እኔም ሳምኩ። መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አንድ ቃል ጀመሩና ተዉት። ሰው እንዲህ ሲፈራ አይቼ አላውቅም፤ ያ የሚነድ ወረቀት ዓይናቸው ላይ እንዳለ አወቅኩ።

"ሰው ይዘህ መጣህ" አሉ የኔታ። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ይልቅ ጠንካራ ነው።

"አዎን፣ የኔታ። አንዲት... ኮምፒውተር የምትጠግን ልጅ ናት።"

"እሰይ። ታዲያ አንች ልጅ፣ ዳዊቱን አዳንሽለት?"

መሪጌታው ደርቀው ቀሩ። እኔ አፌ ቀደመኝ። "አዎን፣ የኔታ፣ ድናለች" አልኩ።

"ተመስገን። ከሐሙስ ወዲህ ድምጿ ሲጠፋብኝ ጊዜ ሞተች ብዬ አዝኜ ነበር።" ፊታቸውን ወደ መሪጌታው መለሱ። "ዳዊት ሲደገም ሰምቻለሁ። ማንም ሳይደግመው ብቻውን የሚያጉረመርም ዳዊት ግን ከአንተ ጋር ነው የሰማሁ። ያን ሁሉ ማር ለሳልህ እያልኩ የሰጠሁህስ? ሳል የሌለበት ሰው የላስታን ማር ጨረሰብኝ!"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁ፣ የኔታ?" አሉ መሪጌታው።

"ከመጀመሪያው ክረምት።"

"ምነው ታዲያ ዝም አሉኝ?"

"ብትጠይቀኝ እምቢ ማለቴ ነዋ። አለመጠየቅህ ደስ አለኝ።" ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ። "ያን ጊዜ ወረቀቱን ያስቃጠልኩህ ልጅ ስለነበርክ ነው። የእኔን ይዘህ የራስህን እንዳትተው ነው። ዛሬ አንተ ራስህ መምህር ነህ፤ ብትጽፈው ምን ይጎዳሃል? ቃል ከቃል እያረፍኩ ስነግርህስ ምን መስሎህ ነበር?"

መሪጌታው ማኅደሯን ከትከሻቸው አወረዱ።

"አርጅተው ነው፣ ደክመው ነው ብለሃል አይደል?" አሉ የኔታ። "እስክትጽፍ እየጠበቅኩህ እኮ ነው።"

እነዚያ ወንፊት ገጾች ትዝ አሉኝ። ነጠብጣቡ እየሳሳ የሄደው፣ ጣት ሠለጠነ የተባለው። መሪጌታው መሬት ላይ ተንበርክከው ግንባራቸውን የየኔታ ጉልበት ላይ አኑረዋል። እኔ ሶኬት ፍለጋ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ዓይኔ ግን ሶኬት ማየት አልቻለም።

ትንሽ ቆይቼ ሽቦውን ዘረጋሁ። ሶኬቱ አሮጌ ነው፤ ሲሰካበት ይላላል። ላፕቶፗን ከማኅደሯ አውጥቼ አስነሳኋትና መሪጌታው ፊት አስቀመጥኳት። ስክሪኑ በራ። የኔታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ቆዩ።

"አልተነሳችም እንዴ?" አሉ።

"ተነስታለች፣ የኔታ" አልኩ።

"አልሰማኋት።"

"አጽድቻት ነው። ከእንግዲህ ድምፅ የላትም" አልኩ። ሳልፈልገው ኩራቴ ድምፄ ላይ ነበር።

"እንግዲያ" አሉ የኔታ ረጋ ብለው፣ "መቼ እንደሚጽፍ በምን አውቃለሁ?"

በሕይወቴ ያጸዳሁት ሁሉ ፋን በዚያች ጥያቄ ፊት ከንቱ ሆነብኝ። መሪጌታው ግን ተነሱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከተቀመጡበት ከትይዩው ላፕቶፗን ይዘው መጥተው መደቡ ላይ ከየኔታ ጎን ተቀመጡ። የየኔታን ቀኝ እጅ አንስተው የገዛ እጃቸው አንጓ ላይ አሳረፉት።

"እጄ ሲቆም ጨረስኩ ማለት ነው፣ የኔታ" አሉ።

የኔታ የመጀመሪያውን ቤት ተናገሩ። የመሪጌታው ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ሄዱ፤ ያ ቀጭን አሮጌ እጅ በላያቸው አብሮ እየተንቀሳቀሰ ሄደ። ጣቶቹ ቆሙ። የኔታ ሁለተኛውን ቤት ተናገሩ።

ሶኬቱ ተላልቶ እንዳይነቀል እኔ መሰኪያውን በእጄ ይዤ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብያለሁ። የሚያጠብቀው ካቻቢቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳዬ ግን ከበሩ አጠገብ ነው፤ ተነስቼ ለማምጣት መሰኪያውን መልቀቅ ሊኖርብኝ ነው። አልለቀቅኩትም። እስኪጨርሱ ድረስ እንደያዝኩት ቆየሁ።